እንቆቅልሽ ወጥመድ አይደለም፦ የጠረጴዛ ጨዋታ ለምትመሩ ሁሉ

ሁለት ጊዜ ትቀበራለች። አንዴ ልትወለድ፣ አንዴ ልትበላ። ማን ናት?

ካምባም ሆነ ሌላ የጋሞ ደጋ ላይ ያደገ ልጅ ትንሽ ካሰበ ይደርስባታል። እንሰት ናት። የእናትየው አሚቾ ተቆርጦ ይቀበርና ከአንዷ ብዙ ችግኝ ይወጣል። ያ ችግኝ ከዓመታት በኋላ ሲደርስ ደግሞ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበርና ቆጮ ሆኖ ይወጣል። ሁለት መቀበር፣ ሁለት መነሳት።

አሁን ይችኑ እንቆቅልሽ ጤፍ እያየ ላደገ የጎጃም ልጅ ጠይቁት። ድንች ይላል፣ ዘር ይላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ጎበዝ ስላልሆነ አይደለም። ቁልፉ እጁ ላይ ስለሌለ ነው።

ቤተሰብ፣ የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ቁልፍ ነው። ከጓደኞቻችሁ ጋር የሚና ጨዋታ ስትጫወቱ እንቆቅልሽ የምታስገቡ ከሆነ፣ እንቆቅልሹ ከባድ ሆኖ ግን ፍትሐዊ እንዲሆን ምን ማድረግ እንዳለባችሁ እናያለን። መልሱን ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። አያቶቻችን "እንቆቅልህ" ሲባባሉ ሕጉን ጨርሰው አስቀምጠውልናል።

ጨዋታው ምንድን ነው?

"ስትሬንጀር ቲንግስ" የሚለውን ተከታታይ ፊልም ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የመጀመሪያው ክፍል ላይ አራት ልጆች ምድር ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ከበው ሲጫወቱ ይታያል። የሚጫወቱት "ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ" ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሠሩት ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 መጀመሪያ ላይ ነው። እኛ ሀገር የ66ቱ አብዮት ሊፈነዳ ሲል መሆኑ ነው።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። አንድ ሰው ጨዋታ መሪ ይሆናል። ቦታውን ይተርካል፣ ጠላቱንም፣ ሻጩንም፣ ሽማግሌውንም እሱ ይናገርላቸዋል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባህሪ ይይዛሉ፦ ተዋጊ፣ አዋቂ፣ ሌባ፣ አዳኝ። መሪው "ዋሻው ጨለማ ነው፣ ውስጥ ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማችኋል፤ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል። እናንተ ያሰባችሁትን ትናገራላችሁ። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይወረወራል። በቃ፣ ይኸው ነው።

የሚፈልገው ወረቀት፣ እስክሪብቶና ዳይስ ነው። ዳይስ ከሌለ የሉዶ ዳይስ ይሆናል፤ እሱም ከሌለ ስልክ ላይ ያለው ይበቃል። ኔትወርክ አይጠይቅም። መብራት ቢጠፋም ሻማ አብርቶ መቀጠል ይቻላል።

ታዲያ እንቆቅልሽ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ቦታው ትልቅ ነው። የተዘጋ በር ይኖራል፣ ጠባቂው ጥያቄ ይጠይቃል፣ ካልመለሱ አያልፉም። ጨዋታው የሚጣፍጠውም የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ጥሩ እንቆቅልሽ ሲፈታ ጠረጴዛው ላይ ጩኸት ነው። መጥፎ እንቆቅልሽ ሲመጣ ግን አንድ ሰዓት ዝምታ ይሆናል፤ አንዱ ስልኩን ያወጣል፣ አንዷ "ነገ ፈተና አለብኝ" ብላ ትነሳለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሰው ይጎድላል።

የአያቶቻችን ሕግ

"እንቆቅልህ?" "ምን አውቅልህ?"

ሁላችንም ይህን ሰምተን ነው ያደግነው። ሴት ከሆነች "እንቆቅልሽ?" "ምን አውቅልሽ?" ይሆናል። መላሹ ካቃተው ጠያቂው "ሀገር ስጠኝ" ይላል። መላሹ የአንድ ሀገር ስም ይጠራል። ጠያቂው በዚያ ሀገር ላይ እንደ ጌታ ተንፈላሶ፣ ተሸናፊውን በግጥም እያሾፈበት ቆይቶ በመጨረሻ መልሱን ይናገራል።

የልጅ ጨዋታ ይመስላል አይደል? ግን ረጋ ብላችሁ እዩት። ውስጡ ሦስት ውል አለ።

አንደኛ፣ ስምምነት። "ምን አውቅልህ" ማለት "እሺ፣ ጠይቀኝ፣ ገብቻለሁ" ማለት ነው። ሳይስማማ እንቆቅልሽ የሚወረወርበት ሰው የለም።

ሁለተኛ፣ የታወቀ ዋጋ። ብትሸነፍ ምን እንደምትከፍል ከመጀመሪያው ታውቃለህ። አንድ ሀገርና ትንሽ መሾፍ ነው። ያማል፣ ግን ያስቃል፤ ጨዋታውም ይቀጥላል። የሚቀጥለውን ዙር አንተ ትጠይቃለህ።

ሦስተኛ፣ መልሱ ይነገራል። ጠያቂው ሀገሩን ተቀብሎ መልሱን ይዞ መሄድ አይችልም። አደባባይ ማውጣት አለበት። ያኔ ዙሪያውን የተቀመጠው ሁሉ ይፈርዳል። መልሱ ከጥያቄው ጋር ካልገጠመ "ኧረ ይሄ አይሆንም!" ይባላል፤ የሚያፍረውም ጠያቂው ነው።

እነዚህ ሦስት ነገሮች ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ጨዋታ መሪም ሕግ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚመጣ ለማየት ደግሞ ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ታሪክ እናንሳ።

የሶምሶን እንቆቅልሽ ለምን ደም አፈሰሰ?

መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 14 ላይ ነው። ሶምሶን በመንገድ አንበሳ ገደለ። ከቀናት በኋላ ሲመለስ በሬሳው ውስጥ ንብና ማር አገኘ። ይህን ለእናትና ለአባቱ እንኳ አልተናገረም። ከዚያ ሠርጉ ላይ ለ30 አጃቢዎች ስለዚያው ማርና አንበሳ እንቆቅልሽ ጠየቃቸው። ውርርዱ 30 የበፍታ ቀሚስና 30 ቅያሬ ልብስ ነበር፤ ጊዜው ደግሞ የግብዣው 7 ቀን።

እስቲ እንደ ጨዋታ መሪ እንመርምረው። አጃቢዎቹ ተስማምተዋል፤ አንደኛው ውል አለ። ዋጋውም ታውቋል፣ ግን ለጨዋታ የሚከብድ ነው። ትልቁ ችግር ግን ቁልፉ ነው። መልሱን ለማወቅ ያን ሬሳ ማየት ያስፈልጋል፤ ያየው ደግሞ በዓለም ላይ ሶምሶን ብቻ ነው። 7 ቀን ሳይሆን 7 ዓመት ቢሰጣቸውም በማሰብ የሚደረስበት አይደለም።

ስለዚህ ምን አደረጉ? በማሰብ መንገድ ሲያጡ ሌላ መንገድ ፈለጉ። ሙሽራይቱን "ባልሽን አባብለሽ ካላወጣሽልን አንቺንም የአባትሽንም ቤት እናቃጥላለን" ብለው አስፈራሩ። እሷ አልቅሳ አወጣችላቸው። ሶምሶን ተናደደ፣ አስቀሎና ወርዶ 30 ሰው ገድሎ በልብሳቸው ዕዳውን ከፈለ።

ጠረጴዛችን ላይ ደም አይፈስም፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው። በማሰብ የማይፈታ እንቆቅልሽ ሲቀርብላቸው ተጫዋቾች ማሰብ ያቆማሉ። የመሪውን ፊት ማንበብ ይጀምራሉ። ወረቀቱን ሰርቀው ሊያዩ ይሞክራሉ። ጎግል ያደርጋሉ። እኛም "አጭበረበሩ" እንላለን። ግን መጀመሪያ ሌላ በር የዘጋባቸው ማን ነው?

የ"አይ!" መመዘኛ

እንቆቅልሻችሁ ፍትሐዊ መሆኑን የምትለኩበት አንድ ቀላል መንገድ አለ። መልሱን ያላገኘ ሰው መልሱ ሲነገረው ምን ይላል?

"አይ! ይህንንማ ማወቅ ነበረብኝ!" ብሎ ግንባሩን ከመታ፣ እንቆቅልሹ ፍትሐዊ ነው። ቁልፉ እጁ ላይ ነበር፣ አላየውም እንጂ።

"እሺ... እና ይህን እኔ ከየት አውቄ?" ካለ ግን ፍትሐዊ አይደለም። ቁልፉ ያለው መሪው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ልብ በሉ፣ መመዘኛው ስለ ክብደት አይደለም። ማንም ያልፈታው እንቆቅልሽ ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል። ሁሉም የፈታው ደግሞ በዕድል የተፈታ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ምርጥ ምሳሌ የሚገኘው ቶልኪን በጻፈው "የቀለበቶቹ ጌታ" ውስጥ ነው። ተጓዦቹ የሞሪያ በር ላይ ይቆማሉ። ጋንዳልፍ የሚያውቃቸውን የይለፍ ቃሎች ሁሉ ይሞክራል፤ በሩ አይከፈትም። በመጨረሻ የሚደርሱበት ነገር ቢኖር ቃሉ በሩ ላይ ተጽፎ የቆየ መሆኑ ነው። ጽሑፉን ሁሉም አንብበውታል፣ የተረዱት ግን አጣመው ነው። ከባድ ነበር? አዎ፣ ታላቁን አዋቂ አስቸግሮታል። ፍትሐዊ ነበር? ሙሉ በሙሉ። አንባቢው ራሱ "አይ!" ይላል።

በተቃራኒው እዚያው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው "ሆቢት" ውስጥ ቢልቦና ጎለም እንቆቅልሽ ሲጠያየቁ፣ ቢልቦ ጥያቄ አጥቶ "ኪሴ ውስጥ ምን አለ?" ይላል። ጎለም ይህ እንቆቅልሽ አይደለም ብሎ ይጮሃል። እውነቱን ነው! ኪስ ውስጥ ያለን ነገር በማሰብ ማወቅ አይቻልም። ግን ጎለም አንድ ስህተት ሠራ፤ ሦስት ጊዜ ልገምት ብሎ መገመት ጀመረ። በእኛ ቋንቋ "ምን አውቅልህ" አለ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። የእናንተ ተጫዋቾች ግን ወዳጆቻችሁ ናቸው፤ እንደ ጎለም አትያዟቸው።

በምሳሌ እንሥራው፦ የሁለቱ ሐይቆች በር

አሁን አንድ እንቆቅልሽ አብረን እንሥራ፣ ከሰፈራችን አንርቅም።

ተጫዋቾቹ ዋሻ ውስጥ የድንጋይ በር አገኙ። በሩ ፊት ሁለት የድንጋይ ገበቴዎች አሉ። አንደኛው ውስጥ ቀይ ቡናማ ውሃ፣ ሌላኛው ውስጥ ሰማያዊ ውሃ አለ። አጠገባቸው መሬት ላይ ረዘም ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወድቋል። በሩ እንዴት ይከፈታል?

መልሱ፦ ድንጋዩን በሁለቱ ገበቴዎች መካከል ማስቀመጥ። ገበቴዎቹ አባያና ጫሞ ናቸው፤ ድንጋዩ ደግሞ በመሃላቸው ያለው የእግዜር ድልድይ።

አርባ ምንጭ ሄዶ ከከፍታው ላይ ቁልቁል ያየ ሰው ሁለቱን ሐይቆች አይረሳም። አባያ ደለል ስለሚያናውጠው ቀይ ቡናማ ነው፤ ጫሞ ሰማያዊ ነው። ግን ይህን እንቆቅልሽ እንዳለ ከጣላችሁት ምን እንደሚሆን እንንገራችሁ። አንዱ ውሃውን ይቀላቅላል። አንዷ ትጠጣለች። ሌላው ሳንቲም ይወረውራል። አንዱ ደግሞ በሩን በመጥረቢያ ይመታል። ከመካከላቸው አባያን ያላየ ካለ፣ ለእሱ ይህ የሶምሶን ማር ነው።

እዚህ ጋ ጀስቲን አሌክሳንደር የሚባል አሜሪካዊ የጨዋታ ጸሐፊ ያስታወቀው ምክር አለ። ተጫዋቾች እንዲደርሱበት ለምትፈልጉት ለእያንዳንዱ ነገር ቢያንስ 3 ፍንጭ አስቀምጡ ይላል። ለምን 3? ምክንያቱም ለመሪው ፀሐይ የሆነ ነገር ለተጫዋቹ ጨለማ ነው። አንዱ ፍንጭ ሳይታይ ይታለፋል። ሁለተኛው ይታያል፣ ግን ቀልድ ይመስላቸዋል። ሦስተኛው ይይዛል።

እንግዲያው ለበራችን ሦስት እንስጠው፦

ፍንጭ 1፣ በጆሮ። ዋሻው ጋ ከመድረሳቸው በፊት ሐይቅ ዳር መረብ የሚጠግን አንድ ዓሣ አጥማጅ ያገኛሉ። "ሁለቱ እህትማማች ናቸው፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ሰማያዊ። እግዜር በመሃላቸው መንገድ ባይተው ኖሮ ማን ይሻገር ነበር?" እያለ ብቻውን ያወራል።

ፍንጭ 2፣ በዓይን። ከሽፍታው የወሰዱት ቆዳ ላይ ሥዕል አለ። ሁለት ክብ፣ ትልቁ ከላይ፣ ትንሹ ከታች። በመካከላቸው ቀጭን መስመር፣ መስመሩ ላይ የእግር ዱካ።

ፍንጭ 3፣ በእጅ። በሩ ጋ ራሱ፣ ድንጋዩን ያነሳ ሰው ከላዩ ላይ ትንንሽ የተቀረጹ የእግር ዱካዎች ይዳስሳል። ከገበቴዎቹ መሃል ያለው መሬት ደግሞ በዚያው ድንጋይ ልክ ጎድጉዷል።

አሁን አባያን በሕይወቱ ያላየ ልጅም ይፈታዋል። አባያን የሚያውቅ ልጅ ደግሞ ቀድሞ ይፈታና "ይሄ እኮ የኛ ነው!" ብሎ ይኮራል። ሁለቱም አሸነፉ። ሦስቱ ፍንጮች በሦስት የተለያየ ቦታ፣ በሦስት የተለያየ ስሜት መምጣታቸውንም ልብ በሉ። ሦስቱንም በአንድ ሽማግሌ አፍ ብትሰጡ፣ ሽማግሌውን ሳያናግሩ ካለፉ ሦስቱም አብረው ይጠፋሉ።

ካቃታቸውስ? ሀገር ውሰዱ፣ መንገድ አትዝጉ

ሦስት ፍንጭ ሰጥታችሁም አይሆን ይሆናል። ብዙ ጨዋታ የሚሞተው እዚህ ነው። በሩ አንድ፣ መልሱ አንድ፣ መልሱ ካልተገኘ ታሪኩ ቆመ።

"ሀገር ስጠኝ" የሚለው ብልሃት የተፈጠረው ለዚህ ይመስለናል። መሸነፍ ዋጋ አለው፣ ግን ጨዋታውን አያቆምም። ለበሩም እንዲሁ አድርጉ። ጠባቂው "አልመለሳችሁም፤ ሀገር ስጡኝ" ይበላቸው። ሀገሩ ምን ሊሆን ይችላል? ከያዙት ውድ ዕቃ አንዱ። ወይም ግማሽ ስንቃቸው። ወይም በረጅሙ መንገድ ዞረው ሲመጡ አሳዳጃቸው ቀድሞ ይደርሳል። ወይም ከመካከላቸው አንዱ ለጠባቂው አንድ ቃል ኪዳን ይገባል፤ ያ ቃል ኪዳን ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመጣባቸዋል።

እንዲያውም አንዳንዴ የተሸነፉበት እንቆቅልሽ ከፈቱት የበለጠ ታሪክ ይወልዳል።

ዋጋው ግን ከጥፋቱ ጋር ይመጣጠን። ጋሪ ጋይጋክስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1975 ለአንድ ውድድር ያዘጋጀውና በ1978 የታተመ "ቱም ኦፍ ሆረርስ" የሚባል ታዋቂ ጀብዱ አለ፤ የሽብር መቃብር እንበለው። እዚያ ውስጥ አፉን የከፈተ አረንጓዴ የሰይጣን ፊት አለ። አፉ ውስጥ ጨለማ ነው። መንገድ መስሎት የገባ ገጸ ባህሪ በዚያው ይጠፋል፤ መመለስ የለም። መቃብሩ ፍንጭ የለውም አይባልም፣ ወለሉ ላይ በእንቆቅልሽ የተጻፈ መልእክት አለ። ለውድድር የተሠራ ስለሆነ ጎበዝ ለመለየት ያገለግል ይሆናል። ለወራት ስም አውጥታችሁ፣ ታሪክ ሰጥታችሁ ያሳደጋችሁትን ገጸ ባህሪ በአንድ እርምጃ ማጣት ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ዓይነት ጨዋታ መጫወት ከፈለጋችሁ ችግር የለም፤ መጀመሪያ "እዚህ ሞት ቅርብ ነው፣ እሺ?" ብላችሁ ጠይቁ። "ምን አውቅልህ" ሲሏችሁ ግቡ።

ጠረጴዛው ዙሪያ ማን አለ?

ይህ ክፍል ለእኛ ሰፈር ዋናው ነው።

አማርኛ ለእንቆቅልሽ የተፈጠረ ቋንቋ ነው ማለት ይቻላል። ቅኔያችን በሰምና ወርቅ የቆመ ነው፤ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ይዞራል። ለምሳሌ ይህን እንሞክር፦ "ከደጋ ሳይወርድ ቆላ፤ ማን ነው?" መልሱ ቡና የቆላ ሰው። "ቆላ" ሀገሩም ነው፣ መቁላቱም ነው። አማርኛ ውስጥ ላደገ ሰው ያስቃል።

ግን ካምባ ላይ ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ የምናወራው ጋሞኛ ነው። አማርኛው የቢሮና የፌስቡክ ነው። አማርኛውን አቀላጥፎ የሚናገር ልጅ እንኳ በሁለት ትርጉም ላይ ሲጫወቱበት አንድ እርምጃ ይዘገያል። እሱ ገና ቃሉን ሲያገላብጥ ሌላው መልሱን ጮኾ ይጨርሳል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነበት አራተኛውን አይሞክርም። ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሌሎቹ "ጨዋታ አይወድም" ይሉታል።

ይህ የቀልድ ጉዳይ አይደለም። ትምህርት ቤት ውስጥ ጥያቄ ማለት ፈተና፣ ፈተና ማለት መውደቅ ሆኖብን ያደግን ነን። ቢያንስ ማታ ጠረጴዛ ዙሪያ ጥያቄ ማለት ጨዋታ ይሁን።

ምን ይደረግ? የቃል ጨዋታ አትተዉ፣ ግን ብቻውን አታድርጉት። አንዱን በአማርኛ፣ አንዱን በጋሞኛ ጠይቁ፤ ያኔ ተራው ይገለበጣል፣ ከአዲስ አበባ ለዕረፍት የመጣው የአክስታችሁ ልጅ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ታያላችሁ። ወይም እንደ ሐይቆቹ በር በሚታይና በሚዳሰስ ነገር ሥሩት።

አንዳንዴ ደግሞ መልሱ ቃል ሳይሆን ድርጊት ይሁን። አንድ ምሳሌ እንስጣችሁ። ተጫዋቾቹ ሊፋጁ የተዘጋጁ ሁለት ወገኖች መሃል ገቡ። ሰይፍ አይረዳም፣ ንግግር የሚሰማ የለም። ጋሞ ላይ ያደገ ሰው መልሱን ያውቀዋል፦ እርጥብ ሳር ይዞ መንበርከክ። መስከረም 2011 ዓ.ም. ከቡራዩ ጥቃት በኋላ አርባ ምንጭ ላይ በቁጣ የወጡትን ወጣቶች የጋሞ ሽማግሌዎች ያቆሟቸው እንዲህ ነበር፤ ሀገሩ ሁሉ አይቶታል። ለማያውቅ ተጫዋች ደግሞ ቀደም ባለ ትዕይንት ላይ አንድ ሽማግሌ ሳር ቆርጦ ሁለት ጎረቤት ሲያስታርቅ አሳዩት። ቁልፉን ሰጣችሁት ማለት ነው።

ተጫዋቹና ገጸ ባህሪው

ሌላ ፍትሕ የሚጠይቅ ነገር አለ። አንዷ ተጫዋች የያዘችው ገጸ ባህሪ የ300 ዓመት አዋቂ ነው፤ እሷ ራሷ ግን እንቆቅልሽ አይሆንላትም። አዋቂው ሊያውቀው የሚገባውን እሷ ስላላወቀች ብቻ ይቅር?

አንዳንዱ መሪ "ዳይስ ወርውሪ" ይልና ጥሩ ቁጥር ከመጣ መልሱን ይሰጣል። ያኔ ግን እንቆቅልሹ ሞተ፤ የፈታው ዳይሱ ነው። እኛ የምንመክረው መሃል ያለውን ነው። ዳይሱ ፍንጭ ያምጣ፣ መልስ አያምጣ። "አዋቂው የውሃውን ቀለም ሲያይ አንድ አሮጌ ካርታ ትዝ ይለዋል፤ ካርታው ላይ ሁለት ሐይቅ ነበር" በሏት። የመጨረሻውን እርምጃ ራሷ ትሂድ። ያ "አይ!" የሚባለው ደስታ የእሷ ይሁን።

ስልክስ? ስልክ መከልከል ጥል ነው። የተሻለው ከኢንተርኔት የተቀዳ እንቆቅልሽ አለማምጣት ነው። በሰከንድ የሚገኝ መልስ ይኖረዋል፤ አሁን ደግሞ የኤአይ መተግበሪያዎቹም ይመልሱታል። ዓሣ አጥማጃችሁ የተናገረውን፣ ሽፍታው ቆዳ ላይ የተሳለውን ግን ጎግል አያውቀውም። ከራሳችሁ ታሪክ የተሠራ እንቆቅልሽ ራሱን ይጠብቃል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። እናንተ ያላሰባችሁት፣ ግን ከፍንጮቹ ሁሉ ጋር የሚገጥም መልስ ቢመጣስ? ተቀበሉት! "አንዷን ቀበሯት፣ ብዙ ሆና ተነሳች" ብላችሁ እንሰትን አስባችሁ ተጫዋቹ "በቆሎ" ቢል፣ ልክ ነው። "አይደለም፣ እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው" ማለት "ኪሴ ውስጥ ምን አለ?" ከማለት አይለይም። መልሱ እንሰት ብቻ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ጥያቄውን አጥብቡት። ከላይ "ሁለት ጊዜ ትቀበራለች" ያልነው ለዚህ ነው፤ በቆሎ አንዴ ብቻ ነው የምትቀበረው።

ከመጫወታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ

ይህን አስቀምጡት፣ ስክሪንሾት አድርጉት፦

1. መልሱ ጋ የሚያደርሰው ነገር ሁሉ ጨዋታው ውስጥ ተነግሯል ወይስ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ነው?

2. ቢያንስ 3 ፍንጭ፣ በ3 የተለያየ ቦታ አለ?

3. መልሱን ሲሰሙ "አይ!" ይላሉ ወይስ "ከየት አውቄ?" ይላሉ? እርግጠኛ ካልሆናችሁ የማይጫወት አንድ ሰው ላይ ሞክሩት፤ ታናሽ እህት ትበቃለች።

4. ካቃታቸው ታሪኩ በምን ይቀጥላል? ሀገሩ ምንድን ነው?

5. ዋጋውን ቀድመው ያውቃሉ?

6. ጠረጴዛው ላይ በቋንቋው ወይም በአካባቢው ምክንያት ከመጀመሪያው የተሸነፈ ሰው አለ?

7. ካቃታቸው መልሱን በመጨረሻ እነግራቸዋለሁ? "አልነግራችሁም፣ ቆይታችሁ ትደርሱበታላችሁ" ማለት ሀገር ወስዶ መጥፋት ነው።

ሰዓትም ያዙ። አስር ደቂቃ ያህል አዲስ ሐሳብ ካልመጣ አንድ ፍንጭ ልቀቁ። ሶምሶን 7 ቀን ሰጥቶ ምን እንዳተረፈ አይተናል።

በሉ እኛም በራሳችን ሕግ እንመዘን።

እንቆቅልህ? እንቆቅልሽ?

ቀኑን ሙሉ ወዲያ ወዲህ ይሮጣል፤ ከቤት ግን አይወጣም። ሆዱ ውስጥ ያለውን እየተፋ ይሄዳል፤ የተፋውን ሰው ይለብሰዋል። ምንድን ነው?

ፍንጩ ጥያቄው ውስጥ አለ፣ ጋሞ በሙሉ ሀገሪቱ የሚታወቅበት ሙያ ውስጥም አለ። መልሳችሁን ከታች ጻፉልን፣ በአማርኛም በጋሞኛም ይሆናል። ያቃተው ሀገር ይስጠን፤ ነገ ማታ መልሱን እንነግራለን። ካምባን ግን አትስጡን፣ እሷ የራሳችን ናት።